የኮቾች እቁብ፦ ላይፍ ኮቾች እርስ በርስ የሚማማሩበት ማኅበር አመሠራረት

ላይፍ ኮቺንግ ለብቻ የሚሠራ ሥራ ነው። መምህር የመምህራን ክፍል አለው፤ ሐኪም ጠዋት ከባልደረቦቹ ጋር ተሰብስቦ ስለ ሕመምተኛው ይነጋገራል፤ ልብስ ሰፊ እንኳ ከጎኑ ያለው ሰፊ ስፌቱን አይቶ «እዚህ ጋ ተስቧል» ይለዋል። ኮች ግን በሩን ዘግቶ ከአንድ ሰው ጋር ይቀመጣል። አንድ ሰዓት ያወራሉ፤ ደንበኛው አመስግኖ ይወጣል። በዚያ ሰዓት የተሠራውን ሥራ ያየ ሦስተኛ ሰው የለም። ደንበኛውም ጨዋ ነው፤ ካልተመቸው አይናገርም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ዝም ብሎ ይቀራል።

ብዙዎቻችን ይህን ክፍተት የምንሞላው በሰርተፍኬት ነው። አንዱን ስልጠና እንጨርሳለን፤ ሥራው አልሄድ ሲለን ሌላ እንመዘገባለን። እኔም ሦስት ስልጠና በተከታታይ ወስጃለሁ፤ አልጎዱኝም። ሥራዬን የለወጠው ግን አንዲት ባልደረባዬ አጠገቤ ተቀምጣ የተቀረጸ ሴሽኔን ያዳመጠችበት ከሰዓት በኋላ ነው። ደንበኛዬ ባልደረባዬ እንድትሰማው ፈቅዳ ነበር። ባልደረባዬ ወረቀቷን በመስመር ለሁለት ከፈለችው፤ በግራ «ጥያቄ»፣ በቀኝ «ምክር» ብላ ጻፈች፤ እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ጭረት ታሰምራለች። ሃያ ደቂቃ ከሰማን በኋላ በግራ አምስት፣ በቀኝ አሥራ አራት ጭረት ነበር። ከአምስቱም አራቱ የጥያቄ ልብስ የለበሱ ምክሮች ነበሩ፦ «ለምን ከአለቃሽ ጋር ቁጭ ብለሽ አትነጋገሪም?» ዓይነት። አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ወረቀቱን ብቻ አቀበለችኝ። ወረቀቱ ዛሬም ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ አለ።

እንዲህ ያለ ወረቀት የሚያቀብሉዎትን ሰዎች እንዴት እንደሚሰበስቡና እንዴት አብረው እንደሚዘልቁ ከዚህ በታች ደረጃ በደረጃ አስቀምጫለሁ።

መጀመሪያ ሥራውን ይለዩ

አገራችን ውስጥ ላይፍ ኮችና አነቃቂ ተናጋሪ በአንድ ስም ይጠራሉ። ሁለቱም ለሰው የሚጠቅሙ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን አንዱ መድረክ ላይ ቆሞ ይናገራል፤ ሌላው ተቀምጦ ይሰማል፣ ይጠይቃል። ሁለቱ በአንድ ማኅበር ውስጥ ሳይለዩ ከተቀላቀሉ ስብሰባው ሁሉ ንግግር ይሆናል፤ ጥሩ ተናጋሪው ይጨበጨብለታል፤ የማንም የመስማት ችሎታ ግን አያድግም።

የሙያው አመጣጥ ራሱ ይህን ልዩነት ያሳያል። ቲሞቲ ጋልዌይ የተባለው አሜሪካዊ የቴኒስ አሰልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው፣ ተጫዋች ትእዛዝ ሲበዛበት ሰውነቱ እንደሚተሳሰር፣ ኳሷን በደንብ እንዲያይ ብቻ ሲደረግ ግን አመታቱን ራሱ እንደሚያስተካክል ነው። እንግሊዛዊው ጆን ዊትሞር ይህንኑ ሐሳብ ወደ መሥሪያ ቤቶች አመጣው፤ በ1992 ባወጣው መጽሐፉ ግብን፣ አሁን ያለውን ሁኔታ፣ አማራጮችንና ቁርጥ ውሳኔን በቅደም ተከተል የሚጠይቀውን «ግሮው» የተባለ አካሄድ አስተዋወቀ። ቶማስ ሌናርድ ደግሞ በ1995 የዓለም አቀፉን የኮቾች ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ አይሲኤፍን፣ መሠረተ። ሥሩ ላይ ያለው ሐሳብ ሰውዬው የራሱን ነገር ራሱ እንዲያይ መርዳት ነው።

ስለዚህ ማንንም ከመጥራትዎ በፊት «እኔ ደንበኛዬ ፊት ስቀመጥ የምሠራው…» ብለው ጀምረው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። የሚጋብዟቸውም ሰዎች እንዲህ ይጻፉ። ዓረፍተ ነገሮቹ አንድ ዓይነት ባይሆኑ ግድ የለም፤ «አነቃቃለሁ» እና «እመክራለሁ» ብቻ የሚል ካለ ግን፣ ያ ሰው ሌላ ሙያ ውስጥ ነው። በወዳጅነት ይቀጥሉ፤ ለማኅበሩ ግን አይጥሩት።

ሰዎቹን ይምረጡ

ስድስት ሰው ይበቃል። ከስምንት ሲያልፍ የሚያዳምጥ እንጂ የሚሠራ አይኖርም። ሲመርጡ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሰው አሁን ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ደንበኛ ይኑረው፤ ደንበኛ የሌለው ሰው ስለ መጽሐፍ ነው የሚያወራው። ሁለተኛ፣ አንዱ የሌላው አለቃ፣ ተቀጣሪ ወይም የቅርብ ዘመድ አይሁን። ሦስተኛ፣ ሁሉም ከአንድ አሰልጣኝ እጅ የወጡ ባይሆኑ ይሻላል፤ አንድ ዓይነት ስህተት የተማሩ ሰዎች አንዳቸው የሌላቸውን ስህተት አያዩም።

ዕድሜን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከመካከላችሁ የጡረታ ዕድሜ ላይ የደረሱ አንድ እናት ወይም አባት ካሉ፣ ወጣቶቹ ሊያርሟቸው አይደፍሩም። መፍትሔው አዛውንቷን አለመጋበዝ አይደለም፤ እንዲያውም በመስማት ልምድ ማንም አይደርስባቸውም። ሁላችሁም ተሰብስባችሁ አስተያየት ስትሰጡ ግን ሁልጊዜ በዕድሜ ትንሹ ቀድሞ ይናገር። ትልቋ ቀድመው «ግሩም ነበር» ካሉ፣ ከእሳቸው በኋላ ሌላ ነገር የሚል ልጅ አይኖርም።

ሕጉን ከእቁብ ይዋሱ

ማኅበር ማቆም ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። እቁብ ያለ ጠበቃና ያለ ፍርድ ቤት ስንት ሰው ቤት አሠርቷል፣ ስንት ነጋዴ አቋቁሟል። የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ሁሉም እኩል ይከፍላል፣ ሁሉም ተራው እንደሚደርሰው ያውቃል፣ የቀረ ይቀጣል። በላይፍ ኮቾች ዘንድ የተጀመሩ ብዙ የመማማሪያ ቡድኖች በሦስተኛው ወር የሚበተኑት ከእነዚህ ሦስት አንዱ ስለሚጎድላቸው ይመስለኛል።

እዚህ እቁብ ውስጥ የሚጣለው ጊዜ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሁለት ሰዓት። አንድ ዳኛ ይምረጡ፤ ሰዓት የሚያስከብር፣ የሚያሳጥር፣ ቅጣት የሚቀበል ሰው ነው፤ ስለ ኮቺንግ ከሁሉም በላይ ማወቅ አይጠበቅበትም። ዳኝነቱ በስድስት ወር ይቀየር። አንድ ጸሐፊ ደግሞ የተገኘውን፣ የቀረውንና ተረኛውን ብቻ ይመዝግብ፤ የተወራውን አይጻፍ። ዕጣውን በመጀመሪያው ቀን ለስድስቱም ያውጡ። በየስብሰባው «ዛሬ ማን ይሞክር?» ከተባለ ደፋሩ ሁልጊዜ ይሞክራል፤ ዓይን አፋሩ ዓመቱን ሙሉ ታዛቢ ሆኖ ይከርማል። ቅጣቱ ትንሽ ይሁን፤ የቡና ዋጋ ይበቃል፤ ግን ይከፈል።

የሁለቱን ሰዓት አከፋፈል እንዲህ ያድርጉት። የመጀመሪያው አሥራ አምስት ደቂቃ ለቡናና ለሰላምታ ነው። ከዚያ ስድስታችሁ በሦስት በሦስት ለሁለት ትከፈላላችሁ። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ዙር ይሠራል፤ አንዱ ዙር 25 ደቂቃ ኮቺንግ፣ 15 ደቂቃ አስተያየት ነው። የቀረው 25 ደቂቃ ሁላችሁም ተሰብስባችሁ የምትነጋገሩበት ነው። በዚህ ስሌት በአንድ ስብሰባ አራት ሰው ኮች ይሆናል። በዓላትን ቀንሳችሁ በዓመት 24 ጊዜ ብትገናኙ እያንዳንዱ ሰው 16 ጊዜ ሥራው በሌላ ሰው ዓይን ይታያል። በየዓመቱ አንድ ስልጠና ወስዶ አንድም ጊዜ ካልታየ ሰው ጋር ያስተያዩት።

ሦስቱ ወንበሮች

በአንዱ ወንበር ኮች፣ በሌላው ደንበኛ፣ በሦስተኛው ታዛቢ ይቀመጣል። የደንበኛውን ቦታ የያዘ ሰው የትወና ችግር አያምጣ፤ የራሱን እውነተኛ ጉዳይ ያምጣ። ነገር ግን መካከለኛ ክብደት ያለው ይሁን። ትዳሩ ሊፈርስ የደረሰ ሰው በ25 ደቂቃ የልምምድ ሰዓት ላይ ቁስሉን ገልጦ፣ ሰዓት ሞላ ተብሎ ሳይሸፈን መሄድ የለበትም። «የእህቴን ልጅ ቤቴ ላስቀምጥ ወይስ አላስቀምጥ» ወይም «የጀመርኩትን የማስተርስ ጽሑፍ አንድ ዓመት ሙሉ አልነካሁትም» የሚለው ልክ ነው።

የታዛቢው ሥራ ከሁሉ ይከብዳል። ታዛቢ አይናገርም፣ ራሱን አይነቀንቅም፣ ፈገግ አይልም። ወረቀቱ ላይ ደቂቃውንና የተባለውን ቃል እንዳለ ይጽፋል። ማን ስንት እንዳወራ፣ ኮቹ ከጠየቀ በኋላ ስንት ሴኮንድ እንደታገሠ፣ ደንበኛው የት ላይ ድምፁ እንደተለወጠ ያያል።

አንድ ጊዜ ታዛቢ ሆኜ የጻፍኩት ይህን ይመስል ነበር። በዘጠነኛው ደቂቃ ደንበኛዋ «እና… እሺ፣ እደውልላታለሁ» አለች። ኮቹ «በጣም ጥሩ! መቼ?» አላት። «እሑድ» አለች። ኮቹ እሑድን ጻፈ። እኔ ያየሁት ግን «እሺ» ከማለቷ በፊት ወደ በሩ መመልከቷን ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚያውቀው «እሺ» አለ፤ ከውይይቱ ለመውጣት የሚባል «እሺ»። ይህን በአስተያየቱ ሰዓት ሳነሣው ደንበኛዋ ሳቀችና «አልደውልላትም ነበር» አለች። ኮቹ ከዚያ ወዲህ «እሺ» ሲባል ትንሽ ቆይቶ «ከልብሽ ነው?» ብሎ በቀስታ ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ነገር ከውጭ የመጣ ማኑዋል አይነግርዎትም።

ይሉኝታን አሸንፈው አስተያየት ይስጡ

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ማኅበሩ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ነው። እኛ ሰውን ፊት ለፊት ማረም ይከብደናል። አንድ ሰው ሲጨርስ «ጎበዝ፣ በጣም ደስ ይላል» እንለዋለን፤ እውነተኛውን አስተያየት ደግሞ ወደ ቤት ስንሄድ ታክሲ ውስጥ ለሌላ ሰው እናወራለን። ሁለቱም ሰውየውን ይጎዱታል። በሌላ በኩል ግልጽ መሆን ማለት መሳደብ የሚመስላቸው አሉ፤ እነሱም ቡድን ይበትናሉ።

የሚሠራው መንገድ ቅጽል የሌለበት አስተያየት ነው። ጥሩም፣ መጥፎም፣ ደካማም አይባል። የተባለውን ቃልና ከዚያ በኋላ የሆነውን ብቻ ይናገሩ፦ «በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ‹እኔም አንድ ጊዜ ደርሶብኝ ነበር› ብለህ ሁለት ደቂቃ ያህል አወራህ። ከዚያ በፊት ወደ ፊት ዘንበል ብላ ነበር፤ አንተ ስታወራ ወደ ኋላ ተደገፈች።» ይህ ስድብ አይደለም፤ ሙገሳም አይደለም፤ የሆነ ነገር ነው። ሰው የሆነውን ነገር ሲሰማ አይከራከርም።

ቅደም ተከተሉን ያክብሩ። መጀመሪያ ኮቹ ራሱ ምን እንዳየ ይናገር፤ ቀጥሎ ደንበኛው የት እንደተነካና የት እንደጠፋ ይንገረው፤ ታዛቢው በመጨረሻ ከወረቀቱ ያንብብ። ከዚያ ኮቹ አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚለውጠው አንድ ነገር። አሥር ጉድለት የተነገረው ሰው አንዱንም አያርምም። አስተያየት ሲሰጠው ኮቹ «አመሰግናለሁ» ከማለት በቀር አይመልስ፤ «እንዲህ ያልኩት እኮ…» ሲጀምር ዳኛው ያስቁመው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ይከብዳሉ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ስብሰባውን የሚናፍቁት ለዚህ ሩብ ሰዓት ሲሉ ነው።

የአማርኛ ጥያቄዎች ደብተር ያዘጋጁ

አብዛኞቻችን የሠለጠንነው ከእንግሊዝኛ በተተረጎመ ጥያቄ ነው። «ምን ይሰማሃል?» ብለው ጠይቀው «ትንሽ ራሴን ያመኛል» የሚል መልስ አላጋጠመዎትም? ደንበኛው አላጠፋም፤ በአማርኛ ይህ የሐኪም ጥያቄ ነው። «ሆድህ ምን ይልሃል?»፣ «ይህን ስታወሪ ልብሽ ወዴት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ ግን ሌላ በር ይከፈታል።

«ለምን» ሌላው ነው። «ለምን ዘገየህ?» የሚለው በቤታችን የቁጣ መግቢያ ስለሆነ፣ በኮቺንግ ወንበርም ላይ ሰው «ለምን» ሲባል መከላከል ይጀምራል። «ምን ይዞህ ቆየ?» ብትሉት ያው ጥያቄ ነው፤ ሰውየው ግን አይደነግጥም። የአጠራሩም ጉዳይ አለ። ከእርስዎ በዕድሜ የሚበልጡ ደንበኛ መጀመሪያ ቀን «አንተ በለኝ» ቢሉዎትም ጥቂት ሳምንት ቆይተው ቢያደርጉት ይሻላል፤ ከባድ ጉዳይ ሲነሣ አክብሮቱ ራሱ መደገፊያ ይሆናቸዋል።

ከሁሉም የሚከብደው «እስኪ አንተ ምከረኝ» ሲባል ነው። ሰው ምክር ፍለጋ ወደ ሽማግሌ፣ ወደ ነፍስ አባቱ፣ ወደ ሼኩ የሄደበት አገር ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ መጥቶ «መልሱ አንተ ጋ ነው» ቢባል የተቀለደበት ይመስለዋል። አንድ የምጠቀምበት አነጋገር አለ፦ «ሐሳቤን እነግርዎታለሁ፤ መጀመሪያ ግን እርስዎ እስካሁን ያወጡ ያወረዱትን ልስማ።» ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ያወጡ ያወረዱትን ተናግረው ሲጨርሱ የእኔን ሐሳብ መጠየቅ ይረሱታል። አንድ ጊዜ ካልረሱ ደግሞ ቃሌን አክብሬ በአጭሩ እናገራለሁ።

ማኅበሩ አንድ የጋራ ደብተር ይኑረው። በየስብሰባው መጨረሻ ዛሬ የሠራ አንድ ጥያቄ ይጻፍበት፤ ከስሩም በማን ሳይሆን በምን ዓይነት ሁኔታ እንደተጠየቀ። በዓመት ሃያ አራት ጥያቄ ከሰበሰባችሁ ማንም ያላሳተመላችሁ መጽሐፍ አላችሁ።

ምስጢር

ስም አለመጥራት አይበቃም። «አንዲት ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ባሏ ካናዳ ያለ፣ መንታ ልጆች ያሏት ደንበኛ አለችኝ» ካሉ፣ ስድስት ሰው በተቀመጠበት ቢያንስ አንዱ ያውቃታል። የደንበኛን ጉዳይ ለማኅበሩ ሲያቀርቡ ሥራዋን፣ ሰፈሯን፣ የልጆቿን ቁጥር ይለውጡ፤ ያለዚያም ስለ ደንበኛዋ ሳይሆን ስለ ራስዎ ያውሩ፦ «ደንበኛዬ ስታለቅስ እኔ ቶሎ ወደ መፍትሔ ሮጥኩ» ማለት ምንም አያጋልጥም።

ሴሽን መቅረጽ ከፈለጉ ለምን፣ ማን እንደሚሰማውና መቼ እንደሚጠፋ የሚገልጽ ወረቀት ደንበኛው ይፈርም፤ በተባለውም ቀን ያጥፉት። ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ የሰውን መረጃ መያዝ በሕግ የሚያስጠይቅ ኃላፊነት መሆኑን ሁላችሁም ዕወቁት። ቅጂ በቴሌግራም ግሩፕ አይላክ። ደንበኛዎ ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ከሆነች ደግሞ ስልኳ በሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላልና መልእክት ከመላክዎ በፊት በምን ሰዓትና በምን መንገድ እንደሚሻላት ይጠይቋት።

ከአቅም በላይ የሆነውን አሳልፎ መስጠት

በስብሰባው መጨረሻ ሁላችሁም የምትነጋገሩበት 25 ደቂቃ አንዱ ጥቅም ይህ ነው። አንድ አባል «ይህ ጉዳይ የእኔ ነው ወይስ የሐኪም?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ማግኘቱ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ራሱን ስለ ማጥፋት የሚናገር፣ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ የተወ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ቤቱ ውስጥ የሚደበደብ ወይም በሱስ የተያዘ ሰው ኮቺንግ ብቻ አይበቃውም። አዲስ አበባ ያላችሁ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ጨምሮ የምታውቋቸውን የሥነ ልቦናና የአእምሮ ሐኪሞች ዝርዝር በጋራ አዘጋጁ፤ ስልካቸው የሚሠራ መሆኑን በየስድስት ወሩ ደውላችሁ አረጋግጡ። ደንበኛውን ሲልኩ «ሂድ» ብቻ አይበሉ፤ ቀጠሮውን አብረው ይያዙለት፤ ከፈለገም በር ድረስ ይሸኙት። ወደ ሐኪም መላክ ተስፋ የመቁረጥ ምልክት የሚመስለው ደንበኛ ብዙ ነውና።

ሰርተፍኬቱን በቦታው ያስቀምጡት

ዓለም አቀፍ ማረጋገጫ መውሰድ ከፈለጉ ማኅበሩ መንገዱን ያቀልልዎታል። አይሲኤፍ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ኤሲሲ ቢያንስ 60 ሰዓት ስልጠናና 100 ሰዓት የኮቺንግ ልምድ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ፒሲሲ 125 ሰዓት ስልጠናና 500 ሰዓት ልምድ፤ ሦስተኛው ኤምሲሲ 200 ሰዓት ስልጠናና 2,500 ሰዓት ልምድ። ለመጀመሪያው ደረጃ ቢያንስ ሦስት ወር በሚፈጅ ጊዜ ውስጥ 10 ሰዓት የሜንተር ኮቺንግ ይጨመርበታል፤ ከ100ው ሰዓት 75ቱ የተከፈለበት መሆን አለበት። ማረጋገጫው በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለማደሻውም 40 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ያስፈልጋል። መስፈርቶች ስለሚሻሻሉ ከመክፈልዎ በፊት ከድርጅቱ ራሱ ያረጋግጡ።

ብዙ ሰው የሚቆጭበት አንድ ነገር ልንገርዎ፦ መዝገብ። ሁለት መቶ ሰዓት ሠርተው አንዱንም ያልጻፉ ኮቾች አውቃለሁ። ስልጠና ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ የደንበኛውን ስም፣ የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ቀን፣ የሰዓቱን ብዛት፣ የተከፈለና ያልተከፈለውን ለይተው ይመዝግቡ፤ ደንበኛውም ስሙ በመዝገብ እንደሚያዝ አውቆ ይስማማ። ጸሐፊው በየሦስት ወሩ «መዝገባችሁን ሞልታችኋል?» ብሎ ይጠይቅ።

ሜንተርና ሱፐርቫይዘርንም አያምታቷቸው። ሜንተር የኮቺንግ ችሎታዎን አይቶ ያርማል። ሱፐርቫይዘር ደግሞ ሥራው በእርስዎ ላይ የሚያደርገውን ያያል፤ የትኛው ደንበኛ እንደሚያናድድዎ፣ የማን ጉዳይ ቤትዎ ድረስ ተከትሎዎ እንደሚመጣ። ገንዘብ ካላችሁ ስድስታችሁ አዋጥታችሁ ልምድ ያለው አንድ ሱፐርቫይዘር በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መጋበዝ ለብቻ ከመክፈል ይረክሳል።

አባላቱ በየአገሩ ከሆኑ

በስክሪን የሚደረግ ማኅበርም ይሠራል፤ ሕጉ ያው ነው። ሰዓት ላይ ግን ብዙ ቡድን ይሰናከላል። «ማታ 3 ሰዓት» ሲባል ዋሽንግተን ያለው እንደ እኛ የሚቆጥር ወይስ እንደ ፈረንጅ? ሁለቱንም አቆጣጠር ይጻፉ። ዋሽንግተን በክረምታቸው በ8፣ በበጋቸው በ7 ሰዓት ከአዲስ አበባ ትዘገያለች፤ ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ናት፤ ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። እስራኤል ያለ፣ ሰንበት የሚያከብር አባል ካለ ቅዳሜን ይተዉት። የዙም ነፃ አገልግሎት የቡድን ስብሰባን በ40 ደቂቃ ስለሚቆርጥ አንዱ አባል የሚከፈልበትን ይያዝና ወጪውን ተካፈሉ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ታዛቢው የኮቹን ቦታ እንዲይዝ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ስለ ደንበኛና ስለ ገንዘብ

አንድ ከተማ ውስጥ የሚሠሩ ኮቾች ደንበኛ ይቀማሙ ይሆን የሚል ስጋት ሳይነገር ያድራል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ይነገር። የባልደረባ ደንበኛ ወደ እርስዎ ቢመጣ ከመቀበልዎ በፊት ከቀድሞው ኮቹ ጋር እንደጨረሰ ይጠይቁት። ደንበኛ ለሌላ ሲያስተላልፉ ኮሚሽን የሚቀበሉ ከሆነ ደንበኛው ይወቅ። እኔ ባይኖር እመርጣለሁ።

ማኅበሩ እየታወቀ መጥቶ ሰው ልግባ ሲል፣ አታስፉት፤ ስምንት ሲሞላ ለሁለት ክፈሉት። ሁለትና ሦስት ቡድን ሆናችሁ በስም መንቀሳቀስና ገንዘብ መሰብሰብ ስትጀምሩ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሙያ ማኅበራትንም ያካትታልና ምዝገባውን ያን ጊዜ አስቡበት። በመጀመሪያው ዓመት ስለ ማኅተምና ስለ ሊቀመንበር የምታወሩበት ሰዓት ከልምምዱ የተሰረቀ ነው።

ዛሬ የሚልኩት መልእክት

ግብዣው አጭር ይሁን። ይህን እንደ መነሻ መጠቀም ይችላሉ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ጥቂት ኮቾች በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት እየተገናኘን አንዳችን የሌላችንን ሥራ ልንሰማ አስበናል። ንግግርም ስልጠናም የለውም። ተራ በተራ ኮች፣ ደንበኛና ታዛቢ እየሆንን ያየነውን በግልጽ እንነጋገራለን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስብሰባዎች መሞከሪያ ናቸው፤ ካልተመቸዎት ምክንያት ሳይሰጡ መተው ይችላሉ። የመጀመሪያው ቀን ቡና ከእኔ ነው።»

መልእክቱን ለስድስት ሰው ልከው በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ላልሰጡት ይደውሉ። ሁለት ሰው እሺ ካለዎት ስድስት እስኪሞላ አይጠብቁ፤ ከእርስዎ ጋር ሦስቱ ወንበሮች ሞልተዋል።